የካ ጮራ የታገደ ጊዜ

እሁድ፣ ኅዳር 6 ቀን 1996

ዛሬ ተዘረፍን። ሌላ ቃል የለውም።

አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእኛ ተከላካይ ኳሷን በንጹሕ እግር አወጣት። አጥቂያቸው በገዛ ፈቃዱ መሬት ላይ ተኛ። ዳኛው ደግሞ ፊሽካውን ነፍቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አያስፈልግም። ሰው ሜዳ ገባ፤ ፖሊስ መጣ። ዳኛውን አንድ ሰው ከኋላ በጫማ ጭንቅላቱን መታው አሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እያየሁ ነበር።

የቀኝ እግሬ ጫማ በግርግሩ ወልቆ ጠፋ። ከሜዳው እስከ ቤቴ፣ የካ ሚካኤልን ተሳልሜ፣ በካልሲ ነው የመጣሁት። ፈትለወርቅ በር ላይ ቆማ እግሬን አየችና፣ «ማሰሪያ ያለው ጫማ እንዴት አድርጎ ነው በራሱ የሚወልቀው?» አለች። ይህን ሁሉ ዓመት በትዳር ስንኖር ኳስ አንድ ቀን ገብቷት ስለማያውቅ አልመለስኩላትም።

ልጃችን ሀይማኖት ከእኔ ጥቂት ዘግይታ ገባች። ሲግናል ሰፈር ያለው መድኃኒት ቤት ተረኛ ነኝ ብላ ነበር ጠዋት የወጣችው። እሷም ካልሲዬን አየች፤ ቆማ በጣም አየችው። ውጤቱን እንኳ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ከቁም ሣጥን ፋሻ አወጣች፣ የመድኃኒት ቤቱን በር መቆለፌን እርግጠኛ አይደለሁም አለችና ነጠላዋን ሳትይዝ ተመልሳ ሄደች። እንደዚህች ሥራዋን የምታከብር ልጅ የለችም። ፋሻው ለምን እንዳስፈለጋት አልገባኝም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ጉደታ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ካራ ሰፈር ልብስ ይሰፋል፣ እሁድ እሁድ ከበሯችንን ይመታል፤ ከበሮውን ከስፌት መኪናው አብልጦ ነው የሚወደው። ፊቱ አመድ መስሏል።

ክለባችን የካ ጮራ ታግዷል። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዳኛውን ጠርቶ ምስክርነቱን እስኪሰማ ጨዋታ የለም። ዳኛው ካከረረ ከነጭራሹ ከምድቡ እንሰረዛለን።

ምሳ አልበላሁም።


እሁድ፣ ኅዳር 13

ጨዋታ የሌለበት የመጀመሪያው እሁድ።

ትናንት የሚካኤል ንግሥ ስለነበር ቀኑ እንደምንም አለፈ። ኅዳር ሲታጠን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል ጉደታ ፊሽካ ገዝቶ እሳቱ ውስጥ ጨመረው። የፕላስቲክ ጢስ ሰፈሩን ሁሉ አስነጠሰው። ዛሬ ግን ጨዋታም ንግሥም የለም። ከቅዳሴ መልስ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፈትለወርቅ ልትጠርግ መጣች፤ እግሬን አነሣሁ። ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እዚያም መጣች። «ዓምዴ፣ እስከ ዛሬ እሁድ ቤቴን ስጠርግ ሰው አላጋጠመኝም» አለችኝ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ የማይፈስ ቧንቧ ፈታሁና እንዲፈስ አደረግኩት። ከዚያ አባረረችኝ።

ሜዳው ሄድኩ። ጉደታ አለ። የደጋፊዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ማቲዎስም አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እየመጡ፣ አንዱ አንዱን ሲያይ እያፈረ፣ ሁላችንም በየቦታችን በየድንጋያችን ላይ ተቀመጥን። ፊታችን ባዶ ሜዳ። ከእንጦጦ ሥር የወረደች ቀይ ላም በቀኝ ክንፍ ገብታ ሣር እየጋጠች ወደ ጎሉ አመራች። መጀመሪያ ማን እንደጮኸ አላውቅም። «ግቢ! ግቢ በላት!» ጉደታ ከበሮውን መታ። ላሟ ጎሉ ጋ ደርሳ ዞረች፤ እኛም ራሳችንን ይዘን «ኧረረረ!» አልን። እውነቱን ለመናገር ልቤ ዐርፎ ነበር።

የቀበሌው ታጣቂ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ?»

«ስብሰባ አይደለም፤ ደጋፊዎች ነን» አለ ማቲዎስ።

«የምን ደጋፊ? ማን እየተጫወተ?»

ሁላችንም ወደ ላሟ ዞርን።

«ኳስ ከሌለ ስብሰባ ነው። ስብሰባ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል» አለ። ጭካኔ የለበትም፤ የተነገረውን ነው የሚናገረው። ጉደታ ሮጦ ከአንድ ሱቅ ኳስ ተውሶ አመጣና የሜዳው መሐል ላይ አስቀመጠ። ታጣቂው ኳሱን አየ፣ እኛን አየ፣ ጠመንጃውን አስተካክሎ ከጎናችን ተቀመጠ። እስኪመሽ ኳሱን ተመለከትን። አልተንቀሳቀሰም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 19

ፈትለወርቅ ነገ ከቤት እንዳልወጣ አዘዘችኝ። ሽማግሌ ይመጣል አለች። «ለማን?» አልኳት። «ለእኔ ይሆን?» አለችኝ።

ሀይማኖት! ትናንት በእንብርክክ ትሄድ የነበረች ልጅ። ማን ነው? ፈትለወርቅ ስሙን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰበረ። ኤልቃና። ጴንጤ ነው። ቤተሰባችን ከአያት ከቅድመ አያት የሚካኤል ደጅ ነው። ይኸው አልጋው ላይ ትገላበጣለች።

እኔ ግን እንቅልፌ መጥቷል።


እሁድ፣ ኅዳር 20

ጉድ ነው የምጽፈው።

ሦስት ሆነው መጡ። የልጁ አጎት አቶ ዋቅቶላ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፤ አንድ ዝም ያሉ ሰው፤ ሦስተኛው ደግሞ የራሳችን ጎረቤት አቶ ወልደ ኢየሱስ። የእኛን ሰው ያስገቡት ልቤን ለማለስለስ እንደሆነ ገብቶኛል። በሩ ሥር ቆሙ። «ኖር፣ ተቀመጡ» ብል፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። እሰማለሁ ብዬ አስቀመጥኳቸው።

አቶ ዋቅቶላ ገና ሳልጠይቃቸው ስለ ሃይማኖት ጀመሩ። ልጆቹ በማዘጋጃ ቤት ይፈራረማሉ፣ ሀይማኖትም እምነቷን አትቀይር፣ ማንም አያስገድዳትም፣ አምላክ አንድ ነው። የተዘጋጁበት ነገር ነበር፤ ላባቸው እስኪወርድ አስረዱ። ፈትለወርቅ ከጓዳው በር ጀርባ ትንፋሽዋን ይዛለች። እኔ ለወግ ያህል፣ «ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አልኩ።

«ካራ የስፖርት መምህር ነው።»

«ጥሩ ነው። ቅዳሜና እሁድስ?»

ተያዩ። አቶ ወልደ ኢየሱስ የአቶ ዋቅቶላን እግር ሲረግጡ በዓይኔ አየሁ። አቶ ዋቅቶላ ግን የማይዋሹ ሰው ናቸው። «ቅዳሜና እሁድ ኳስ ያጫውታል» አሉ።

«ቀጭን ነው?»

«ቀጭን ነው።»

«ረጅም?»

«አዎ፣ ረዘም ይላል።»

«ጭንቅላቱ ላይ ፋሻ አለ?»

አቶ ዋቅቶላ አንገታቸውን ደፉ። «አሁንስ ተፈቷል፤ ጠባሳው ግን አለ።»

አልተቆጣሁም። ተነሥቼ በሩን አሳየኋቸው እንጂ አልተቆጣሁም። «ለዳኛ ልጅ የለኝም!» ያልኩትን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል አሉ፤ ያጋንናሉ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት መቼም የለም፤ ስለዚህ ወጉን አላፈረስኩም። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ወጡ። «እምነቱን ግን ምንም አላሉም እኮ» ሲባባሉ ሰማኋቸው።

ፈትለወርቅ ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «የሰው አባት የሚጠይቀውን ጠይቅ እንጂ! የልጅ ልጆቻችን የት እንደሚነሡ ጠይቅ!» አለች። ክርስትናውን ማለቷ ነው። እኔ ኳሷ በንጹሕ እግር እንደተነካች አስረዳኋት። ሳልጨርስ ትታኝ ገባች።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

ሀይማኖት እራቷን ጓዳ በላች። ውኃ ልጠጣ የገባሁ መስዬ ገባሁ።

«ከዓለም ሕዝብ ሁሉ እሱን?» አልኳት።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ፍጹም ቅጣት ምት ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። ሁሉንም አይቻለሁ።» ሁሉንም ስትል እግሬን አየች።

ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። ልጄ ሜዳ ትመጣለች? መቼ ጀምራ? ለምን እኔ ጋ አልመጣችም? ለሴት ልጅ የሚሆን ቦታ አይደለም ስል የኖርኩት እኔ ነኝ፣ እውነት ነው። እሱን ለማየት ነው የምትመጣው። ሌላ ምን ይሆናል።

ከጎሉ ጀርባ ሆኖ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት በደንብ አይታይም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 26

ዛሬ የማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ነበር፤ ኳስ መሐል አስቀምጠን።

ነገሩን ያነሣው ጉደታ ነው። «ልጅቷን እንስጠው። በምላሹ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሰው ሜዳ የገባው በደስታ ነው ብሎ ይመስክር።» እኔ «እንስጠው» የምትለዋ ቃል ገርማኝ ሳለሁ ማቲዎስ አጀንዳ አድርጎ ያዛት። ቀበሌ ስብሰባ ሲመራ ስለኖረ ሁሉን ነገር በሥርዓት ነው የሚያደርገው። አስተያየት ተሰጠ። አንዱ፣ ልጁ ጴንጤ መሆኑ ለክለቡ ጥሩ ነው፣ ጴንጤ ዳኛ ጉቦ አይበላም አለ። ሌላው፣ «ችግራችን እሱ ነው እኮ» አለ። ከዚያ ማቲዎስ፣ «ሀይማኖት ዓምደ ሚካኤል ለኤልቃና ትሰጥ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

እጅ በሙሉ ወጣ። የታጣቂውም ጭምር። እኔ ድምፀ ተዓቅቦ አደረግኩ። አባት ነኝና።

«በአብላጫ ድምፅ ተሰጥታለች» አለ ማቲዎስ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሲያጨብጭብ እጅ ዝም አይልም።


እሁድ፣ ታኅሣሥ 4

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ መጡ። አሁንም ቆሙ፣ አሁንም አስቀመጥኳቸው። አቶ ዋቅቶላ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል፤ ብዙ ቦታ ላይ ወረቀት ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሳይገልጡት ቅድመ ሁኔታዬን ነገርኳቸው። ልጁ ለኮሚቴው ለስለስ ያለ ቃል ከሰጠ እኔም ለስለስ እላለሁ።

አቶ ዋቅቶላ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉት። «ጌታዬ፣ ይሄ ጥያቄ አልመጣልንም ነበር» አሉ።

አቶ ወልደ ኢየሱስ፣ «ዓምደ ሚካኤል፣ ልጅ ነው የምትሸጠው?» አሉኝ። ጎረቤት ባይሆኑ ኖሮ መልስ ነበረኝ። መልእክቱን እናደርሳለን ብለው ወጡ። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ቀጠሮ ለታኅሣሥ ሃያ አምስት ሰጠኋቸው።

ሀይማኖት መኝታ ቤቷ ነበረች። በሩ ክፍት ነበር። ሰምታ ይሆን?


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

እሱ ራሱ መጣ። ከቢሮ ስወጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀረብ ብሎ ሲታይ ገና ልጅ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። ጠባሳውን አየሁት። ማየት አልፈለግኩም ነበር።

«ጋሽ ዓምዴ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ሀይማኖትንም እወዳታለሁ። ያላየሁትን ግን አየሁ ማለት፣ ያየሁትንም አላየሁም ማለት አልችልም።»

«ልጄን ብታጣስ?»

ኮፍያውን በእጁ አዞረ። «ዋሽቼ ባገኛት እሷ ራሷ አትፈልገኝም» አለ።

«ጫማውን ማን እንደወረወረው ኮሚቴው ቢጠይቅህስ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። አላየሁም እላለሁ፤ እውነት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ድፍረቱ ግን አናዶኛል። እስከ ታክሲው ድረስ ጃንጥላ ይዞ ሸኘኝ፤ ታኅሣሥ ወር ውስጥ፣ ለፀሐይ!


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

ኮሚቴው ዛሬ ሰማው። ምን እንዳለ አልታወቀም። ጉደታ ከበሮውን ለመሸጥ ሰው እያነጋገረ ነው። ፈትለወርቅ ከጠዋት ጀምሮ የካ ሚካኤል ነች። ሀይማኖት አታናግረኝም። ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ግን አታናግረኝም። ሰውን እንዲህ አለማናገር ከየት እንደተማረችው አላውቅም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ተለቀቅን!

ልጁ እንዲህ ብሎ መሰከረ አሉ፦ «ደጋፊዎች ሜዳ ገብተዋል፤ ከኋላ በጫማ ተመትቻለሁ። የየካ ጮራ ተጫዋቾችና አሠልጣኛቸው ግን በሰውነታቸው ከልለው ከሞት አትርፈውኛል።» ኮሚቴውም ለደጋፊው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለክለቡ አዘነለት። የፊታችን እሁድ ጨዋታ አለ። ወደ የካ ለመምጣት ሌላ ዳኛ ሁሉ እምቢ ስላለ የሚያጫውተንም እሱ ነው።

እኔ ዋሽ ያልኩትን ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ተጫዋቾቹ ማንን ከማን እንዳዳኑ መናገር አይችልም ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።

ፍጹም ቅጣት ምቱ ግን አልነበረም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 24

«ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አለች ፈትለወርቅ።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት! ክው አልኩ። ለገና በዓል ይዛወር አልኳት። ሽማግሌ ይዛወራል፣ ጨዋታ አይዛወርም።

«ዓምዴ፣ እኔ ሚካኤል ፊት አልቅሼ ጨርሻለሁ። በማዘጋጃ ቤትም ይሁን። ልጄን ኩርፊያ ላይ ትቼ ከማረጅ ይሻለኛል። አንተስ?»

«ከጨዋታው በኋላ እንነጋገራለን» አልኩ።

«እሺ» አለች። እሺታዋ ቀለለኝ፤ ፈትለወርቅ ደግሞ ቀላል እሺታ የላትም።


እሁድ፣ ታኅሣሥ 25

ሁሉም ተኝተዋል። እንዳይረሳኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ነበር። ጉደታ ከበሮውን ሊሰብረው ደርሷል። በድንገት በሜዳው በር ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ገቡ። ፊት ፊት የምትመራቸው ፈትለወርቅ ናት፤ በሕይወቷ ሜዳ ረግጣ አታውቅም። እየጠየቀች፣ ሰው እያስነሣች፣ ቀጥ ብላ እኔ ጋ መጣች። «እዚህ ካልሆነ አታገኙትም ብያችሁ ነበር፤ ይኸው» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ከፊቴ ተደርድረው ቆሙ።

«አባቶች፣ ተከለልን! ቁጭ በሉ!» አለ ከኋላ አንዱ።

አቶ ዋቅቶላ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይቅርታ ልጆቼ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

«የምን መልስ?»

«የልጅ» አሉ አቶ ወልደ ኢየሱስ።

ወሬው በሜዳው ዙሪያ ሲዞር ከኳሱ ይፈጥን ነበር። መጀመሪያ የሣቀ ሣቀ። ከዚያ ኳስ ማየት ያቃተው ሰው ሁሉ መጮህ ጀመረ፦ «ስጣቸው! ስጣቸው!» ጉደታ በከበሮ ተቀበለው። የተቃራኒው ቡድን ደጋፊም ማዶ ሆኖ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ «ስጣቸው!» ይላል። ማቲዎስ እጅ የምታወጡ አውጡ እያለ ነው። ኤልቃና ሜዳው ውስጥ አልሰማሁም ብሎ አይምልም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኛ ሳይዞር ኳሱን እየተከተለ ይሮጣል።

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ሀይማኖትን ከጎሉ ጀርባ ቆማ አየኋት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ሜዳ ሙሉ ሰው ስጣቸው ሲል ትሰማለች። ሽማግሌ ለምኗል፣ ማኅበር ወስኗል፣ ታጣቂ እጁን አውጥቷል። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። እኔ አልጠየቅኳትም።

«ቆዩ፣ ባለጉዳይዋን ጠይቄ ልምጣ» አልኳቸውና ተነሣሁ።

ሜዳውን በዙሪያው ሄድኩ። ኳስ አጠገቤ ወጣች፤ አላየኋትም። ደረስኩና፣ «ሀይሚ» አልኩ።

«ቆይ አባባ፣ ኮርና ነው።»

ቆየሁ። ኮርናው ተመታ፣ ወጣ።

«ልጄ፣ እናትሽ ምን ትላለች፣ ሰው ምን ይላል፣ ክለቡ ምን ይሆናል፣ ይቅር። አንቺ ትፈልጊዋለሽ?»

ዞራ አየችኝ። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ቀና ብላ ካየችኝ! «ጨዋታው ይለቅና እነግርሃለሁ» አለች።

ማዶ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ፈትለወርቅ በእኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ ጨዋታ አላልቅ እንዲል ስጸልይ ኖሬ፣ ዛሬ ቶሎ እንዲያልቅ ለመንኩ። ሰው ሁለት ጊዜ ጮኸ። ለምን እንደጮኸ አላውቅም።

ፊሽካው ተነፋ።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «ግን አባባ፣ እኔ እዚህ መምጣት የጀመርኩት ለእሱ እንዳይመስልህ። እሱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ነው የጀመርኩት። እሁድ እሁድ አንተ የት እንደምትሄድ ለማየት።»

እጄን ወደ ማዶ አነሣሁ። ሰው ሁሉ ሊሄድ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ባዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ ልይዘው ብሞክርም አልተያዘም። የሚያልፈው ደጋፊ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «አይዞን ጋሼ፣ ኳስ ነው» ይለኝ ነበር። ጉደታ ከበሮውን አስቀምጦ አቀፈኝና፣ «በቃ፣ በመልሱ ጨዋታ እናገኛቸዋለን» አለኝ። መሸነፋችንን ያወቅኩት ያኔ ነው።